ተደጋጋሚ የቅጽ ክፍሎችን በቦታ ያዥ ስለመተካት፦ በአዶቤ ዲዛይነር የገጠመኝ ችግር

ቅጽ ነዳፊ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ቅጾችን የማዘጋጀት ሥራ ከያዝሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። የምንሠራው በአዶቤ ላይቭሳይክል ዲዛይነር ሲሆን በእጃችን 43 ቅጾች አሉ፤ የተሽከርካሪ መድን ማመልከቻ፣ የጉዳት ማስታወቂያ፣ የሕይወት መድን፣ የተጠቃሚ ለውጥ መጠየቂያና የመሳሰሉት። ከእነዚህ ውስጥ 38ቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ ክፍል አላቸው። እሱም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ክልል፣ ዞን ወይም ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ እና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚሞላበት ነው።

ይህ ክፍል ሲጀመር አንድ ጊዜ ተሠርቶ ከዚያ በኋላ ከቅጽ ወደ ቅጽ እየተገለበጠ የሄደ ነው። ለብዙ ጊዜ ማንም ችግር አላየበትም። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ግን የክልሎችን ዝርዝር ለማስተካከል 38ቱንም ቅጾች አንድ በአንድ ከፈትሁ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ሲመሠረት ያንኑ ሥራ ደገምሁት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ በ07 የሚነሡ ቁጥሮች በሰው እጅ ሲገቡ ደግሞ የስልክ መስካችን ከ09 በቀር አልቀበልም ስላለ ደንበኞች ቅጹን መላክ አቃታቸው፤ እንደገና 38 ጊዜ። በነሐሴ 2015 የቀድሞው የደቡብ ክልል ቀሪ አካባቢዎች የደቡብ ኢትዮጵያ እና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሆነው ሲደራጁ ለአራተኛ ጊዜ ተነሣሁ፤ በዚያ ጊዜ ሦስት ቅጾችን ዘልዬ ኖሯል። አንዲት የወልቂጤ ደንበኛ የጉዳት ማስታወቂያ ስትሞላ ክልሏን ከዝርዝሩ ውስጥ አጣችው፤ «ሌላ» የሚል ምርጫም ስላልነበረ በአቅራቢያዋ ያለውን ኦሮሚያን መርጣ ላከች። ፋይሏ ወደማይመለከተው ቅርንጫፍ ተመርቶ ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት ሳይታይ ቆየ። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነበር። የዘለልሁት እኔ ስለሆንሁ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አሁን የምፈልገው የደንበኛው መረጃ ክፍል አንድ ቦታ ብቻ እንዲቀመጥ፣ በ38ቱ ቅጾች ላይ ደግሞ ለእሱ ቦታ ያዥ እንዲገባ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለት መንገድ እንዳለው አይቻለሁ፤ አንደኛው ፍራግመንት ሠርቶ ማጣቀሻውን ማስገባት ሲሆን ሁለተኛው ኢንሰርሽን ፖይንት የሚባለው ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በደንብ አልገባኝም። የሠራችሁበት ብትመሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦

ሰላም ለእርስዎም ይሁን። ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ መልሱ የሚወሰነው በዚህ ነውና። ቅጾቹን ለደንበኛው የምታቀርቡት አስቀድማችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጣችሁ በድረ ገጽ በመለጠፍ ነው ወይስ ደንበኛው በጠየቀበት ሰዓት ሰርቨሩ ከኤክስዲፒው፣ ማለትም ዲዛይነሩ ከሚያስቀምጠው የቅጹ ምንጭ ፋይል ላይ አዘጋጅቶ ነው የሚሰጠው?

ቅጽ ነዳፊ፦

ሁለቱም አሉ። ቅርንጫፎች የሚጠቀሙት ከሰርቨሩ የሚወጣውን ሲሆን በድረ ገጹ ላይ ደግሞ ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ቅጾች በፒዲኤፍ ተለጥፈው ይገኛሉ።

ሰርቨር ጠባቂ፦

እንግዲያውስ ከመሠረቱ ልጀምር፤ የሚያውቁትን ብደግም ይቅር ይበሉኝ፣ ሌላም አንባቢ ይኖራል።

ፍራግመንት ማለት በራሱ የኤክስዲፒ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ የቅጽ ክፍል ነው። ሰብፎርም (መስኮችን በአንድ ስም ሥር የሚያቅፍ ክፍል)፣ የሰብፎርሞች ስብስብ፣ ማስተር ፔጅ (የገጹ መደብ) ወይም ስክሪፕት ኦብጀክት (የፕሮግራም ትእዛዞች ለብቻቸው የሚቀመጡበት) ሊሆን ይችላል። ተራ መስኮችን ብቻ መርጠው ፍራግመንት እንዲሆኑ ቢያዙ ዲዛይነሩ ራሱ በሰብፎርም ይጠቀልላቸዋል፤ ስለዚህ አስቀድመው እርስዎ ጠቅልለው ተገቢውን ስም ቢሰጡት ይሻላል። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ የደንበኛውን መረጃ ሰብፎርም ይምረጡ፤ ከኤዲት ማውጫ ፍራግመንት የሚለውን ከፍተው አዲስ ፍራግመንት ይፍጠሩ፤ በአዲስ ፋይል እንዲቀመጥ ያዝዙ። በዚያው መስኮት የተመረጠውን ክፍል በማጣቀሻ ይተካ የሚለው ምልክት እንዳይነሣ ይጠንቀቁ። ምልክቱ ከተነሣ ፍራግመንቱ ይፈጠራል፣ ቅጹ ላይ ግን አሮጌው ግልባጭ እንዳለ ይቀራል፤ ዓይን ልዩነቱን አያይም።

ከዚያ በኋላ በቅጹ ውስጥ የሚቀረው ይዘቱ አይደለም። የሚቀረው አድራሻ ነው፤ ፋይሉ የት እንዳለና በፋይሉ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሚፈለግ የሚናገር አንድ መስመር። የቅጹን የኤክስኤምኤል ምንጭ ገጽ (ቅጹ በጽሑፍ ኮድ የሚታይበትን) ቢከፍቱ ቀድሞ በብዙ መቶ መስመር ተጽፎ የነበረው የደንበኛ መረጃ ወደዚያች አድራሻ ተጠቅልሎ ያገኙታል። በንድፍ ገጹ ላይ ይዘቱ ይታይዎታል፣ ነገር ግን እዚያው ሆነው መስኮቹን ሊቀይሩ አይችሉም፤ ለመቀየር ምንጩን መክፈት ይኖርብዎታል። ይህ ክልከላ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ዋናው ጥቅሙም ግን እሱ ነው። አንድ ባልደረባዎ ለአንድ ቅጽ ብሎ የስልኩን መስክ ትንሽ ላስተካክል ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ጠየቅሁዎት ልመለስ። ሰርቨሩ ከኤክስዲፒ በሚያዘጋጅበት ጊዜ አድራሻው የሚፈታው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ፍራግመንቱን አንድ ጊዜ ካስተካከሉ በሚቀጥለው ጥያቄ አዲሱ ይወጣል። በፒዲኤፍ ሲያስቀምጡ ግን አድራሻው የሚፈታው በሚያስቀምጡበት ቅጽበት ነው፤ ይዘቱ ከፒዲኤፉ ጋር ይዋሐድና ከምንጩ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ስለዚህ በድረ ገጽ ያሉትን አሥራ ሁለቱን ፍራግመንቱ በተለወጠ ቁጥር ከፍተው እንደገና በፒዲኤፍ ማስቀመጥና መለጠፍ ግድ ይሆንብዎታል። በዘለሏቸው ሦስት ቅጾች ላይ የደረሰው ዓይነት አደጋ ሙሉ በሙሉ አልተወገደም ማለት ነው፤ ከ38 ወደ 12 ግን ይወርዳል።

ኢንሰርሽን ፖይንት ሌላ ነገር ነው። እሱ በእውነት ባዶ ቦታ ያዥ ነው። በቅጹ ላይ ስም ብቻ ያለው ቦታ ያስቀምጣሉ፤ ለምሳሌ «የደንበኛ መረጃ» ብለው። በዚያ ቦታ ምን እንደሚገባ ቅጹ አያውቅም። የሚወስነው በሰርቨሩ ላይ ያለው አሴምብለር የሚባለው አገልግሎት ሲሆን፣ ዲዲኤክስ በሚባለው የትእዛዝ ፋይል አማካይነት ይህን ቅጽ ውሰድ፣ በዚህ ስም ባለው ቦታ ላይ ከዚያ ፋይል ያለውን ይህን ፍራግመንት አስገባ ተብሎ ይነገረዋል። የተባለው ክፍል ባይገኝ ሥራው ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውም በዚያው ትእዛዝ ይወሰናል። ጥቅሙ የሚገኘው የሚገባው ይዘት እንደ ሁኔታው የሚለያይ ሲሆን ነው። ግለሰብ ሲሆን አንድ ክፍል፣ ድርጅት ሲሆን ሌላ ክፍል የሚገባ ከሆነ ኢንሰርሽን ፖይንት ይጠቀሙ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክፍል የሚገባ ከሆነ ግን ማጣቀሻው ይበቃዎታል፤ ባዶ ቦታ ያዥ ካለ አሴምብለር ባዶ ሆኖ ይቀራልና ያለ ምክንያት ሥራ አይጨምሩ።

ቅጽ ነዳፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ በዝርዝር ይብራራልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ማጣቀሻውን መረጥሁና በሙከራ ቅጂ ላይ በሦስት ቅጾች ሞከርሁት። በተሽከርካሪው ማመልከቻ ላይ በሚገባ ሠራ። በሕይወት መድኑ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ተበላሹ። አንደኛ፣ ስልኩን የሚመረምረው ስክሪፕት ዝም አለ፤ የተሳሳተ ቁጥርም ይቀበላል። ሁለተኛ፣ በዚህ ቅጽ ላይ የመድን ገቢውም የተጠቃሚውም መረጃ ስለሚጠየቅ ፍራግመንቱን ሁለት ጊዜ አስገብቼዋለሁ፤ መረጃው ወደ ዳታቤዝ ሲመጣ የተጠቃሚው ስም በመድን ገቢው ቦታ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ይህ ወደ ሥራ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የሚያስከትለውን ሳስበው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስክሪፕት ጸሐፊ፦

ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፤ ስሞች ናቸው። ቅጹ የዛፍ ቅርንጫፍ ዓይነት አደረጃጀት አለው፤ ከላይ ዋናው ቅጽ፣ ከሥሩ ገጹ፣ ከገጹ ሥር ሰብፎርሙ፣ ከዚያ መስኩ። እርስዎ በተሽከርካሪው ቅጽ ላይ የጻፉት ስክሪፕት የስልኩን መስክ ከላይ ከዋናው ቅጽ ጀምሮ በሙሉ ስም ሳይጠራው አልቀረም። በሕይወት መድኑ ቅጽ ላይ የዋናው ሰብፎርም ስም ወይም የገጹ ስም የተለየ ስለሆነ ያ አጠራር ማንንም አያገኝም። በፍራግመንት ውስጥ የሚኖር ስክሪፕት ከፍራግመንቱ ውጭ ያለ ስም መጥራት የለበትም። ራሱ ካለበት መስክ ተነሥቶ ወደ ወላጁ፣ ከወላጁ ወደ ጎረቤቱ መስክ ይሂድ። ከውጭ ካለ መስክ ጋር የግድ መነጋገር ካለበት ደግሞ ያ ሥራ የአስተናጋጁ፣ ማለትም ፍራግመንቱ የገባበት ቅጽ ይሁን።

ስለ ስልኩ ካነሣን አይቀር፣ ምርመራውን እንዲህ ይጻፉት፦ ክፍተትና ሰረዝ ይወገድ፤ በ+251 ከጀመረ ያ ወጥቶ በ0 ይተካ፤ ከዚያ ጠቅላላው 10 አሐዝ መሆኑና ሁለተኛው አሐዝ 9 ወይም 7 መሆኑ ይታይ። 9 እና 7 የሚሉትን ቁጥሮች ግን በስክሪፕቱ መካከል አይቅበሯቸው፤ በስክሪፕት ኦብጀክት ውስጥ ለብቻቸው ያስቀምጧቸው። ስክሪፕት ኦብጀክትም ራሱ ፍራግመንት መሆን ስለሚችል፣ የስልክ መስክ ያላቸው ግን የደንበኛ መረጃ ክፍል የሌላቸው አምስቱ ቅጾችዎም ከዚያው ይጠቀማሉ።

የሁለተኛው ችግር መፍትሔ ቀላል ነው። ማጣቀሻውን ሁለት ጊዜ ሲያስገቡ ሁለቱም የምንጩን ስም ይዘው መጥተዋል። በአንድ ወላጅ ሥር ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ሲኖሩ ሶፍትዌሩ የሚለያቸው በተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ተራ ቁጥሩን የማያነብ ከሆነ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይጽፍበታል። የማጣቀሻውን ስም በአስተናጋጁ ቅጽ ላይ መቀየር ይቻላል፤ አንዱን «መድን ገቢ» ሌላውን «ተጠቃሚ» ያሰኟቸው። በምንጩ ፋይል ውስጥ ያለውን የሰብፎርሙን ስም ግን ከዛሬ በኋላ እንዳይነኩት። በ38 ቅጾች ውስጥ ያለው አድራሻ የፋይሉን ቦታና የክፍሉን የስም ሰንሰለት የያዘ ነው፤ ስሙን አንድ ፊደል ቢቀይሩ 38ቱም ቅጾች የሚፈልጉትን ያጣሉ። ለዚህ ነው ቦታ ያዥ ከማስገባትዎ በፊት ግማሽ ቀን ስም በማውጣት ላይ ቢያጠፉ የማይቆጭዎት። እኔ በአንድ ሥራ ላይ ሰብፎርሙን «ሰብፎርም 1» ብዬ ትቼው፣ በኋላ ትርጉም ያለው ስም ልስጠው ስል የደረሰውን አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ፋይሎቹንም በአንድ አቃፊ ሰብስበው በፍራግመንት ላይብረሪው በኩል ይክፈቷቸው፤ አድራሻው ከቅጹ አንጻር የሚቆጠር ይሁን እንጂ የእርስዎን ኮምፒውተር ዲስክ ስም የያዘ አይሁን። አለበለዚያ በእርስዎ ዘንድ ይሠራል፣ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ግን ፍራግመንቱ አይገኝም።

ውል መርማሪ፦

የቴክኒክ ሰው አይደለሁም፤ በመድን ሥራ ውስጥ የውሎችን ይዘት የምመረምር የሕግ ባለሙያ ነኝ። ውይይቱን በጥሞና ተከታትዬዋለሁ። አንድ ቦታ ተስተካክሎ በሁሉም ዘንድ ይለወጥ የሚለው አሳብ ለክልሎች ዝርዝርና ለስልክ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቅጾች የውል ቃላትም ይይዛሉ። በማመልከቻው መጨረሻ ላይ የሚገኘው የአመልካች ማረጋገጫ፣ የጉዳት ማስታወቂያ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ከሽፋን ውጭ የሆኑ ሁኔታዎች፣ እነዚህም በየቅጹ ይደጋገማሉ፤ ስለዚህ ነገ ተነሥታችሁ እነሱንም ፍራግመንት ታደርጋላችሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድ ደንበኛ በ2014 የፈረመውን ማመልከቻ ዛሬ ከሰርቨሩ ብናወጣ የምናየው በ2014 ያነበበውን ቃል ነው ወይስ ዛሬ የተስተካከለውን? በክርክር ጊዜ የሚቀርበው ሰነድ ሰውየው ያላነበበውን ቃል የያዘ ከሆነ፣ ስሕተቱ ከአንድ የተዘለለ ዝርዝር እጅግ የከበደ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦

በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ከመጀመሪያው ማንሣት ነበረብኝ። ድርጅቱ የሚያስቀምጠው የተሞላውን መረጃ ብቻ ከሆነና ሰነዱ በተፈለገ ቁጥር መረጃው ከቅጹ ጋር እንደገና እየተዋሐደ የሚወጣ ከሆነ፣ አዎን፣ የ2014ቱ ፊርማ ከዛሬው ቃል ሥር ይታያል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት እንዲህ ነው፤ መረጃ ብቻ ማስቀመጥ ቦታ ይቆጥባልና። 

መከላከያው ሁለት ነው፤ እኔ ሁለቱንም አብሬ እጠቀማለሁ። የተፈረመ ሰነድ ሁሉ በተፈረመበት ዕለት ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ እንዳለ ይቀመጣል፤ ቀደም ሲል ችግር ነው ያልሁት የፒዲኤፍ ከምንጩ መለየት እዚህ ጋ የሚፈለግ ጠባይ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ማኅደር የተዘጋጀው ፒዲኤፍ ኤ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ደግሞ ፊደሉም አብሮ በሰነዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከዓመታት በኋላም እንደነበረ ይነበባል። ሁለተኛው፣ የውል ቃል የያዘ ፍራግመንት በፍጹም በላዩ ላይ አይስተካከልም። አዲስ ቃል ሲመጣ አዲስ ፋይል ይሠራል፤ የፋይሉ ስም የጸደቀበትን ዓመትና ወር ይይዛል፤ ቅጾቹም በውሳኔ ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። ኢንሰርሽን ፖይንት እውነተኛ ቦታውን የሚያገኘውም እዚህ ነው፦ ቅጹ «የውል ቃል» የሚል ቦታ ብቻ ይይዛል፣ የትኛው እትም እንደሚገባ ደግሞ ማመልከቻው በቀረበበት ቀን መሠረት በዲዲኤክሱ ይወሰናል።

ውል መርማሪ፦

አሁን ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከክልል ዝርዝር ጋርስ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም ወይ? «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ብሎ በ2011 የሞላ ሰው ፋይል ሲከፈት በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ ያ ክልል የለም።

ቅጽ ነዳፊ፦

ይመጣል፣ ደግሞም መጥቶብኛል። በአዲሱ ዝርዝር አሥራ ሁለቱ ክልሎችና አዲስ አበባና ድሬዳዋ፣ በድምሩ 14 ምርጫዎች ናቸው ያሉት፤ የድሮ ፋይል ሲከፈት የክልሉ መስክ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሠራተኛው ባዶ መሰለውና ዛሬ ያለውን ሞልቶ ካስቀመጠ የድሮው መረጃ ጠፋ ማለት ነው።

ስክሪፕት ጸሐፊ፦

የዝርዝሩን የሚታይ ጽሑፍና የሚቀመጥ እሴት ለዩአቸው። ዲዛይነሩ ለእያንዳንዱ ምርጫ ሁለቱንም ለየብቻ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። የሚቀመጠው የማይለወጥ አጭር መለያ ይሁን፤ የአንድ ክልል መለያ ደግሞ ክልሉ ቢቀርም ለሌላ አይሰጥ። የቀድሞው የደቡብ ክልል መለያ በዝርዝሩ ውስጥ ይኑር፣ ነገር ግን አዲስ ቅጽ ሲከፈት በሚሠራው ስክሪፕት ከምርጫው ይወገድ፤ የቆየ መረጃ ይዞ ሲከፈት ብቻ «የቀድሞ» የሚል ቃል ተጨምሮበት ይታይ። ይህ ሥራ በ38 ቅጾች ላይ መሠራት ቢኖርበት ማንም አይሞክረውም ነበር፤ በአንድ ፍራግመንት ላይ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ዝርዝርም ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 መሆኑን ያረጋግጡ፤ እኔ ያየኋቸው ብዙ ቅጾች እስካሁን በ10 ናቸው።

የመስክ መረጃ ሰብሳቢ፦

እኔ የምሠራው በሌላ መሣሪያ ነው፤ ለዳሰሳ ጥናት ኮቦቱልቦክስን እጠቀማለሁ። ችግሩ ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ልምዴን ላካፍል። በኮቦ ውስጥ የጥያቄዎች ላይብረሪ አለ፤ ብዙዎቻችን ከላይብረሪው ያስገባነው ጥያቄ ከምንጩ ጋር እንደተያያዘ ይኖራል ብለን እናስባለን። አይኖርም፤ የሚገባው ግልባጭ ነው። ምንጩን ቢያስተካክሉ ያስገቡት እንዳለ ይቆያል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሁለት ወረዳዎች ላይ በተለያየ የምርጫ ዝርዝር መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አሁን ዝርዝሮችን ሁሉ በተለየ የሲኤስቪ ፋይል (በሰንጠረዥ መልክ በሚነበብ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አስቀምጬ ቅጹ ምርጫውን ከፋይሉ እንዲያነብ አደርጋለሁ። ፋይሉን ቀይሬ ቅጹን እንደገና አሰማራለሁ፤ ሰብሳቢዎቹም በስልካቸው ላይ አዲሱን ቅጽ ማውረዳቸውን ስልክ እየደወልሁ አረጋግጣለሁ። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የሚሠራ ሰው የአምናውን ዝርዝር ይዞ ሊሄድ ይችላልና።

ባሕረ ሐሳብ፦

በደንበኛ መረጃ ክፍላችሁ ውስጥ የትውልድ ቀን አለመጠቀሱ ገረመኝ፤ በሕይወት መድን ግን መኖሩ አይቀርም። የዲዛይነሩ የቀን መስክ የሚያውቀው የግሪጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። በየቅጹ የራሱን ማስሊያ የጻፈ ድርጅት አይቻለሁ፤ በአንዱ ቅጽ ጳጉሜን 6 ይቀበላል፣ በሌላው አይቀበልም። ይህ በእርግጥ በፍራግመንት መቀመጥ ያለበት ነገር ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት መስክ ይጠየቁ፤ ወሩ ከ1 እስከ 13 ይሁን፤ 13ኛው ወር 5 ቀን ይኑረው፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ 6 ይሁን። 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ። ወደ ግሪጎርዮስ ለመለወጥ አስቀድሞ ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር ማምጣት ይሻላል፦

1723856 + 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4፣ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ) + 30 × ወር + ቀን − 31

መስከረም 1 ቀን 2000ን አስገብታችሁ ሞክሩት፤ 2454356 መምጣት አለበት፣ እሱም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁልጊዜ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው ብለው ስለሚያሰሉ የሚሳሳቱት እንዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያ ተከታታይ ቁጥር ወደ ግሪጎርዮስ የሚወስደው ስሌት በየትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ የታወቀ ነው። ማስሊያውን በስክሪፕት ኦብጀክት፣ ሦስቱን መስኮች በሰብፎርም አድርጋችሁ ሁለት ፍራግመንት ብታደርጉት፣ ቀኑ ለፊርማም፣ ለአደጋው ዕለትም፣ ለትውልድም ያገለግላል።

አንድ ነገር ስለ ፊደል፦ ፍራግመንቱን የሠራው ኮምፒውተር ላይ ያለው የአማርኛ ፊደል በሰርቨሩም ላይ መጫኑን አረጋግጡ። የቆየ፣ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ) ያልሆነ የግእዝ ፊደል የተጠቀመ ክፍል ካላችሁ ደግሞ ፍራግመንት ከማድረጋችሁ በፊት በዩኒኮድ መልሳችሁ ጻፉት፤ ያለዚያ ብልሽቱን ወደ 38 ቅጾች በአንድ ጊዜ ታሰራጩታላችሁ።

ሰርቨር ጠባቂ፦

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ አንድ ነገር ልጨምር። ዲዛይነሩ የቆመበት ኤክስኤፍኤ የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጄትፎርም በተባለ የካናዳ ኩባንያ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 አዶቤ ድርጅቱን ሲገዛ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፒዲኤፍ 2.0 መስፈርት ግን ኤክስኤፍኤን እንዳይመከር አድርጎታል። በድረ ገጽ የለጠፋችኋቸውን አሥራ ሁለቱን ቅጾች በክሮም ወይም በስልክ የሚከፍት ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል የእንግሊዝኛ ገጽ ብቻ ነው። ፋየርፎክስ ከ93ኛው እትሙ ወዲህ ይከፍታቸዋል፣ ደንበኛን በብራውዘር ምርጫ ማስገደድ ግን አይቻልም። አዲሶቹ የአዶቤ አዳፕቲቭ ፎርሞችም (በብራውዘር የሚሞሉት ቅጾች) ፍራግመንት አላቸው፤ አሳቡ ያው ነው፣ ፋይሎቹ ግን እንዳሉ አይተላለፉም። ስለዚህ ፍራግመንቶቹን ስትሠሩ የእያንዳንዱን መስክ ስም፣ ዓይነት፣ የሚፈቀደውን እሴትና ማን እንዳጸደቀው በአንድ ሰነድ ላይ መዝግቡ። ሶፍትዌሩ ሲለወጥ ያንን ሰነድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ቅጽ ነዳፊ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደረስሁበትን ላሳውቃችሁ። ሦስት ሳምንት ወስዶብኝ 38ቱንም ቅጾች ጨርሻለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቅጽ አልነካሁም፤ ስም ሳወጣና ከዳታቤዝ ክፍል ጋር ሳስማማ ነው ያለፈው። ስድስት ፍራግመንቶች ሆነዋል፤ የግለሰብ መረጃ፣ አድራሻ ከክልል ዝርዝሩ ጋር፣ ስልክ፣ ቀን፣ የቀን ማስሊያና የፊርማ ክፍል። አድራሻው ከግለሰብ መረጃው የተለየው የተሽከርካሪው አደጋ የደረሰበት ቦታም በዚያው ዝርዝር ስለሚጠየቅ ነው። የውል ቃል የያዙትን ለጊዜው አልነካኋቸውም፤ የሕግ ክፍላችን የእትም አያያዝ እስኪወስን ይቆያሉ።

ግልባጩ ሳይተካ የቀረበት ቅጽ እንዳይኖር እያንዳንዱን ቅጽ በኤክስኤምኤል ምንጩ ከፍቼ የክልል ስም ፈለግሁ። «ጋምቤላ» የሚለው ቃል ከአድራሻው ፍራግመንት በቀር በየትኛውም ቅጽ ውስጥ መገኘት አልነበረበትም። በሁለት ቅጾች ውስጥ አገኘሁት፤ በማጣቀሻ ይተካ የሚለው ምልክት ተነሥቶ ኖሮ አሮጌው ግልባጭ እንዳለ ቀርቶ ነበር። አስተካከልኋቸው።

ትናንት ለሙከራ ያህል ከክልሉ መስክ አጠገብ አንድ የማብራሪያ ጽሑፍ በፍራግመንቱ ላይ ጨምሬ አስቀመጥሁ፤ ከዚያ የወልቂጤ ቅርንጫፍ ሠራተኛዋን በስልክ ጠርቼ የጉዳት ማስታወቂያውን እንድትከፍት ጠየቅኋት። ማብራሪያውን ቃል በቃል አነበበችልኝ፣ ዝርዝሩን እንድትከፍት ስላትም «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ አለ» አለችኝ። በድረ ገጹ ያሉትን አሥራ ሁለቱን ዛሬ እንደገና በፒዲኤፍ አስቀምጬ እየለጠፍሁ ነው፤ አሥሩ አልቀዋል።